በግራ በኩል ጣና

ከዋርካው ሥር ቆመህ ባንዲራው ይታያል፣
ቀይ ጨርቅ እንደ ምላስ ከሩቅ ይጠራሃል፤
የዚህ ጉድጓድ ዘዴ ቅርብ መስሎ መራቅ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሬት ስለካ ኖርኩ፣ ይህን ግን ሳላውቅ።

በግራ በኩል ጣና፣
ደንገሉ ጎንበስ ቀና፣
ከደንገሉ ወዲያ እምቦጩ ተኝቶ፣
አረንጓዴ ምንጣፍ፣ ሜዳ ነው አሰኝቶ፣
ስንቱን ኳሴን በላው፣ በቃኝን ሳያውቃት፣ ከዓመት ዓመት ሰፍቶ።
በቀኝ ባህር ዛፉ፣ ሰልፍ እንደያዘ ጦር፤
መሃል መሃሉ ነው የሚያዋጣህ ነገር።
መሃሉ ግን ጠባብ፣ የአንድ ጋሪ መንገድ፣
እሱም ላይ ኩይሳ፣ እንደ ኬላ ዘበኛ ቆሞ የሚያስገድድ።

በአራት ምት ጨርሱ ይላል ሰሌዳው።
ማን ጨረሰው?

አንማው ነው ዱላዬን የሚሸከም ልጁ፣
ታንኳ ሲያስር ያደገ፣ ደንገል ደንገል የሚል እጁ፤
ሜትር አያውቅልኝም፣ በቀዘፋ ያሰላል፦
«እስከ ኩይሳው መቶ ሃያ፤ ከዚያ ወዲያ ሰማንያ ይቀርሃል።»

እኔ ግን ሁልጊዜ ትልቁን ዱላ ስመዝ፣
በጣና ላይ አልፋ በአቋራጭ እንድትጓዝ፣
ወገቤን ጠምዝዤ፣ ጥርሴን ነክሼ፣
ጧ!
ወፎች ይነሣሉ። ውኃው ፈገግ ይላል፤
ክቡ ሞገድ ሰፍቶ፣ ሰፍቶ፣ ሰፍቶ ይጠፋል።
ስንት ዓመት? ሰባት።
ሰባት ዓመት ሙሉ ያንኑ ስህተት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ አስጋሪው ቢያዝን
ከረጢት ተሸክሞ ከዋርካው ሥር አገኘን፤
«ጋሼ» አለኝ፣ «ዘንድሮ ቆሮሶው ጠፋና
እንቁላል ጀመረች መረቤ ላይ ጣና!»
ዘረገፈው። ሃያ ሦስት። በሁሉም ላይ ምልክቴ፣
በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኳት «ዳ» ፊደል፤ የዳኘው፣ የእኔ፣ የገዛ ጥፋቴ።
አንዱን በአሥር ብር፣ የራሴን ለራሴ ሸጠልኝ፣
አንማው ፊቱን አዞረ፣ ትከሻው ግን አጋለጠው፤ እኔም ሳቅ መጣብኝ።

«በል አንማው» አልኩት፣ «ዛሬ አንተ ምራ።»
ትልቁን ዱላዬን ወስዶ ደበቀው ከዋርካው ጀርባ።

«መጀመሪያ ነፋሱን ስማ። የደብረ ማርያም ደወል
ጥርት ብሎ ከመጣ፣ ነፋሱ ከውኃው ነው፣ ወደ ዛፉ ይገፋል፤
ደወሉ ከደከመ፣ ወደ ጣና ይስብሃል፣
ያኔ ወደ ቀኝ አልም፣ እሱ ራሱ ይመልስሃል።
አምስት ቁጥር ብረት ያዝ፤ ኩይሳውን አትለፈው፣
ከሱ ወዲህ አስተኛት፤ ኳስም እንደ ታንኳ ነው፤
ማዕበል እያየ ማነው የሚቀዝፍ በግድ?
ዞሮ የደረሰም ደረሰ ነው የሚባል፣ ማንም አይጠይቀው መንገድ፤
ሰጥሞ የቀረ ግን…»
አልጨረሰውም። ዓይኑ ቆየ ለአፍታ
አባቱ ወጥተው ባልተመለሱበት ቦታ።

መታሁ። ዝቅ ብላ፣ ሳትጮህ ሄደች ኳሷ፣
ከኩይሳው ወዲህ ተኛች፣ ለስላሳ።
«አሁን ስምንት ቁጥር። በግራው አሸዋ ነው፣
ሜዳው በሰፋበት አልም፤ ባንዲራውን እርሳው።»
ረሳሁት። ተነሣች፣ የባህር ዛፉን ጫፍ ታክካ፣
ወደቀች፤ ሜዳ ላይ ነው ስንል፣ ለካ
ሌሊት ሣር ሊግጥ የወጣ ጉማሬ
የተወው ኮቴ ውስጥ፣ እስካንገቷ፣ እንደ ፍሬ።

ይህ በምክሩ አልነበረም። አንማው ራሱን አከከ፣
ተንበርክኮ የኮቴውን ጥልቀት በስንዝር ለካካ፣
«ጉማሬ» አለ፣ «ዕቅድ አይጠይቅም።»
በክለባችን ሕግ ከኮቴ ማንሣት አያስቀጣም፤
የቀድሞው ዳኘው ቢሆን ቆፍሮ ይመታት ነበር፣
አነሣሁ። ጭቃዋን ጠረግሁ። አኖርኳት ከሣሩ ዳር።

ሦስተኛው ምት አጠረ፣ ሁለት እርምጃ።
አራተኛው የጉድጓዱን ከንፈር ስሞ ቆመ።
አምስት።

ቢያዝን ከታንኳው ላይ ባዶ መረቡን ዘርግቶ
«ጋሼ! የዛሬው እንቁላል የታለ?» አለ ጮኾ።
ከኪሴ አንዷን አወጣሁ፣ «ዳ» ያለባትን፣ ወረወርኩለት፤
ታንኳው ዘመም አለ፣ ቀና አለ፣
በአንድ እጁ ቀለባት።